ከድሬ ወደ መጀመሪያው መርከብ፦ ከመሳፈርህ በፊት ጨርሰሃቸው የምትሄድ ነገሮች

ድሬዳዋና ባሕር ባዕድ አይደሉም። ከተማዋ በ1902 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ ስለደረሰ ነው። ዛሬም ኮንቴይነሩ በደወሌ በኩል ሲገባ እናየዋለን። ኮንቴይነሩን ያመጣው መርከብ ላይ ወጥቶ መሥራት ግን ሌላ ዓለም ነው። ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ተምረህ፣ የማሪን ሥልጠናህን ጨርሰህ፣ "ተዘጋጅ፣ መርከብ ተገኝቷል" የተባልክ የድሬ ወይም የሐረር ልጅ ከሆንክ ይህ ላንተ ነው። በእኛ አገር ወግ "አንተ" እያልኩ ነው የምጽፈው። ሴት መርከበኞችም አሉን፤ እህቶቼ ለራሳችሁ እያዞራችሁ አንብቡት።

አዲስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ማዕበል ነው። እኔ ባየሁት ግን ሰው የሚሰናከለው ባብዛኛው ገና የብስ ላይ እያለ ነው። የተሳሳተ የስም ፊደል፣ ያልታከመ ጥርስ፣ ያልተተወ ጫት፣ ቤት ውስጥ ሳይነጋገሩበት የቀረ ጉዳይ። ሁሉም እዚሁ ከተማ ውስጥ ያልቃሉ። ጥሪው እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ሲመጣ ጥድፊያ ነው።

1. ስምህንና ቀንህን አስታርቅ

ያሉህን ወረቀቶች በሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ። ፓስፖርት፣ የመርከበኛ ደብተር (ሁሉም ሰው ሲማን ቡክ ነው የሚለው)፣ ዲግሪ፣ የሥልጠና ሰርተፍኬቶች፣ የጤና ምርመራ፣ የቢጫ ወባ ካርድ። ከዚያ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስምህን ፊደል በፊደል አስተያይ። መሐመድ የሚለው ስም ብቻ ስንት ዓይነት ሆኖ እንደሚጻፍ ታውቃለህ። አንዱ ላይ በ"ኦ"፣ ሌላው ላይ በ"ዩ"፣ አንዱ ላይ በሁለት "ኤም"። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለወደብ ኢሚግሬሽን ግን ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል።

ዳኛው ፓስፖርቱ ነው። ሌላው ሁሉ እሱን ይምሰል። ቅጽ ስትሞላ "የቤተሰብ ስም" የሚል ሳጥን ይመጣል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አትፈላሰፍ። ፓስፖርትህ እዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጠውን እንዳለ ገልብጥ።

ቀኑ ከስሙ ይብሳል። ጤና ተቋሞቻችን ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚጽፉት። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የተሰጠህ የጤና ሰርተፍኬት በፈረንጅ አቆጣጠር የ2024 ነው። ወረቀቱ ላይ "2017" ብቻ ካለ ግን የሚያየው ሰው የ7 ዓመት አሮጌ አድርጎ ያነበዋል። የመርከበኛ የጤና ሰርተፍኬት ደግሞ ቢበዛ 2 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ ሐኪሙ ገና እስክሪብቶ ሲያነሳ "ዶክተር፣ ይቅርታ፣ በፈረንጅ ይሁንልኝ" በል። ከተጻፈ በኋላ መሰረዝና መደለዝ ወረቀቱን ያጠራጥራል።

ስለ ቀሪዎቹ ወረቀቶች ባጭሩ። ፓስፖርትህ የውል ዘመንህን ሸፍኖ ቢያንስ 6 ወር ይትረፈው። የቢጫ ወባ ክትባት ከተወጋህ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም። አንዴ ከተከተብክ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። መሠረታዊ የደኅንነት ሥልጠናህ አራቱን ክፍሎች ማካተቱን አረጋግጥ፦ በባሕር ላይ ሕይወትን ማትረፍ፣ እሳት መከላከልና ማጥፋት፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የግል ደኅንነትና ማኅበራዊ ኃላፊነት። የጥበቃና ፀጥታ ግንዛቤ ሰርተፍኬቱም ለብቻው ይጠየቃል።

ዋናዎቹ ወረቀቶች በእጅህ በምትይዘው ቦርሳ ይሁኑ፤ ወደ አውሮፕላን ሆድ የሚገባ ሻንጣ ውስጥ አታስገባቸው። ሁሉንም ስካን አድርገህ ኢሜይልህ ላይና ቴሌግራምህ ላይ አስቀምጥ። አንድ ኮፒ ቤት ተው።

2. ውሉን ሳታነብ እስክሪብቶ አትያዝ

በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የሚባል ዓለም አቀፍ ሕግ አለ። ለአዲስ ሰው የሚጠቅሙትን ብቻ ልንገርህ። አንደኛ፣ ሥራ ስላስገኙልህ ገንዘብ ሊጠይቁህ አይችሉም። የፓስፖርት፣ የሲማን ቡክና የጤና ምርመራ ወጪ ካንተ ኪስ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ውጪ "ለፕሮሰስ" የሚልህ ደላላ ካጋጠመህ ስልኩን ዝጋ። ሁለተኛ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍት ይገባሃል። ሦስተኛ፣ ውልህ ሲያልቅ ወደ አገርህ የመመለሻው ወጪ የአሠሪው ነው። አራተኛ፣ የተፈረመ የውልህ ቅጂ በእጅህ መሆን አለበት።

መርከቡንም እወቀው። እያንዳንዱ መርከብ "አይ ኤም ኦ" የሚባል ባለ 7 አኃዝ ቁጥር አለው። ስሙና ባንዲራው ሲለዋወጥ ቁጥሩ አይለወጥም። በዚያ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ብትፈልግ መርከቡ በእርግጥ መኖሩን፣ የት እንዳለና ምን እንደሚጭን ታያለህ። ቁጥሩን ሊነግርህ ያልፈለገ ሰው መርከብ የለውም።

አንድ ጥያቄ አፍረህ አትተው፦ መርከቡ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ ያልፋል ወይ? ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በዚያ መስመር የንግድ መርከቦች ተመተዋል፣ መርከበኞችም ሞተዋል። ውልህ ስለ ጦርነት ቀጠና ምን ይላል? አልሄድም የማለት መብት ይሰጥሃል? ተጨማሪ ክፍያና ኢንሹራንስ አለው? መልሱን በአፍ አትቀበል፤ ውሉ ላይ አሳዩኝ በል።

3. ሰውነትህን አዘጋጅ

ከጥርስ ጀምር። ይቺ ነገር ቀላል ትመስላለች። ከየብስ የሳምንት መንገድ ርቀህ ሳለ የተበላ ጥርስ ሲነሳብህ ግን ካፒቴኑ ያለው የማስታገሻ እንክብል ነው። አሁን አስሞላው ወይም አስነቅለው። ዓይንህን አስለካ፤ መነጽር ካለህ ሁለተኛ ያዝ። ዴክ (የመርከቡ ወለል) ላይ የምትሠራ ከሆነ ቀይና አረንጓዴ መለየት ግዴታ ነው፤ በማታ የመርከብ ግራ ቀይ፣ ቀኝ አረንጓዴ መብራት ነውና።

ሌላው ድሬ ስለሆንን ነው። ወባ አለብን። ደንጊ በ2013፣ ቺኩንጉንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ከተማውን እንዴት እንዳስተኛው አትረሳውም። መርከብ ከገባህ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘህ "ጉንፋን ነው" ብለህ ብርድ ልብስ ውስጥ አትደበቅ። የጤና ኃላፊው (ብዙ ጊዜ ከመኮንኖቹ አንዱ ነው) ጋ ሂድና ወባ ካለበት አገር እንደመጣህ ንገረው። ካልነገርከው በምን ሊጠረጥር ይችላል?

አሁን ወደ ጫቱ። አቦ፣ እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ።

በእኛ ከተማ ከሰዓት በኋላ ማለት በርጫ ነው። ማንም አይፈርድብህም፤ እኔም አልፈርድም። መርከብ ላይ ግን ጉዳዩ ሱስ ነው አይደለም የሚል ክርክር አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በብዙ አገር የተከለከለ ዕፅ ነው። ሳዑዲና ኤምሬትስ አይቀልዱበትም። እንግሊዝ በ2014 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች። ብዙ ኩባንያዎች ከመሳፈርህ በፊትም፣ ከተሳፈርክ በኋላም ድንገተኛ የዕፅና የአልኮል ምርመራ ያደርጋሉ። አንዴ ከተያዝክ የመጀመሪያው ጉዞህ የመጨረሻህ ነው።

እና እንዴት? ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለህ ተው። መጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ሀራራው ይመጣል፣ ድብርት ይመጣል፣ እንቅልፉ ያለ ሰዓቱ ይጥልሃል፣ ዱካኩም አይቀርም። ይህ ሁሉ ሳቢያን ወይም ከዚራ ቤትህ ውስጥ ይለፍ። ኢንጂን ሩም (የሞተር ክፍል) ውስጥ፣ የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ሲያልፍ አደጋ ነው። ከሰዓት በኋላዋን በሌላ ነገር ሙላት፤ ባዶ ከተውካት መጋላ ትወስድሃለች። ዋና መለማመድ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ወዲያው እመጣበታለሁ። ከመነሳትህ በፊት ደግሞ የጃኬትህንና የቦርሳህን ኪስ ሁሉ ገልብጠህ አራግፍ። ኪስ ውስጥ የተረሳ ገራባ ውጭ አገር ጉምሩክ ላይ "የድሮ ነው" ቢባል አያድንም።

ዋናን በተመለከተ፣ እኛ ውሃ ስንል የምናውቀው ደቻቱን ነው። ወይ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ወይ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንዳየነው ሰው የሚወስድ ጎርፍ ነው። ከውሃ ጋር የተፋቀረ ሰው ብዙ የለንም። በሥልጠናው ላይ ከከፍታ ላይፍ ጃኬት ለብሰህ ዘለህ ገብተሃል፣ የተገለበጠ የሕይወት ጀልባ አቃንተሃል። ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ጊዜ ውሃ ገባህ? ገንዳ ካላቸው ሆቴሎች አንዱ ጋ ከፍለህ ሂድ። ፈጣን ዋናተኛ መሆን አይጠበቅብህም። ያለ ላይፍ ጃኬት ተንሳፍፎ መቆየት፣ ፊት ውሃ ውስጥ ሲገባ አለመደናገጥ፣ ልብስ ለብሶ መዋኘት። እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ።

4. ቤትህን አስተካክል

ወራት ትቆያለህ። መኪና፣ ቤት፣ የባንክ ጉዳይ፣ ክስ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ምንም ካለህ ለምታምነው ሰው ውክልና ስጥ። ውክልናው ምን ምን እንደሚፈቅድ በዝርዝር ይጻፍ፤ "ስለ እኔ ሆኖ ሁሉንም" የሚለው ጠቅላላ ቃል ባንክ ሲደርስ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ደመወዝህ ላይ ደግሞ በየወሩ ለቤተሰብ የሚላከውን መጠን ከመሳፈርህ በፊት ወስነህ ለኩባንያው በጽሑፍ አሳውቅ። ሁሉንም ላክ የሚል ዘመድ አይጠፋም። ላንተም ተው፤ ወደብ ላይ ሲም ካርድና ሳሙና መግዛትህ አይቀርም።

አፎቻ ወይም እድር ካለህ ወርሃዊውን ማን እንደሚከፍልልህና በሐዘን ቀን ማን ባንተ ፈንታ እንደሚገኝ ንገራቸው። የአፎቻ ሰዎች ሥራ ብሎ ለሄደ ሰው ክፉ አይደሉም። ሳይናገር ለጠፋ ግን ቂም አላቸው፣ እውነታቸውንም ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚከብደው መርዶ ነው። ማንም ማንሳት አይፈልግም። አገራችን ለተጓዥ ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ሲመለስ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳዋል። በመርከብ ሥራ ይሄ ልማድ ሁለት ነገር ያመጣል። እናትህ ስልክ ላይ ድምፅዋ ከተለወጠ፣ "አባባ የት አለ?" ስትል "መስጊድ ሄዷል"፣ "ቤተ ክርስቲያን ሄዷል" እየተባለ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ፣ ያልተነገረህን አንተ መገመት ትጀምራለህ። ሳያውቁ መገመት ከማወቅ ይከፋል፤ ሥራ ላይ ሐሳብህ ይሄዳል። ሁለተኛው ደግሞ፣ አንዳንዴ ጎረቤት ሳያስበው ፌስቡክ ላይ "ነፍስ ይማር" ብሎ ይለጥፋል፤ ካቢንህ ውስጥ ብቻህን ሆነህ ታነበዋለህ።

ስለዚህ ከመሄድህ በፊት አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ሁሉም ባለበት አንሳው። "እማ፣ አይድረስብንና አንድ ነገር ቢፈጠር ይነገረኝ፣ ወይስ ስመለስ?" ምርጫው ያንተ ነው። ይነገረኝ ካልክ፣ የሚነግርህ አንድ ሰው ምረጥ፤ ታላቅ ወንድም፣ አጎት፣ የሚረጋጋ ሰው። የሚነግርህም ከሥራ ሰዓትህ ውጪ ይሁን። መጀመሪያ ለኩባንያው ቢሮ ቢደውል፣ ካፒቴኑ አውቆ አጠገብህ ሰው እንዲኖር ያደርጋል። ለዚህ ሰው የመርከቡን ስም፣ አይ ኤም ኦ ቁጥሩን፣ የኩባንያውን ስልክና ኢሜይል ጽፈህ ስጠው። እናትህ መጀመሪያ "ምን አይነት ሟርት ነው!" ብላ ትቆጣለች። ይሁን፣ ትቆጣ።

ስልክ በቀጥታ ላይሠራ እንደሚችልም አስረዳቸው። አንዳንድ መርከብ ጥሩ ኢንተርኔት አለው፤ አንዳንዱ በቁጥቁጥ ነው። "ሁለት ሳምንት ድምፄ ቢጠፋ መርከቡ ሰጠመ ማለት አይደለም" በላቸው።

5. ሻንጣ

የሚጠቀለል ለስላሳ ቦርሳ ያዝ፤ ድርቅ ያለ ሻንጣ ለመርከቡ መሰላል አይመችም። ቱታ፣ የደኅንነት ጫማ፣ ሄልሜት፣ ጓንት ኩባንያው ይሰጣል። የጫማህን ቁጥር በአውሮፓ ልክ አስቀድመህ ላክ፤ የጠበበ ጫማ ለብሶ ወራት መሥራት ቅጣት ነው።

የድሬ ልጅ የሚረሳው የብርድ ልብስ ነው። መርከቡ ወዴት እንደሚታዘዝ አይታወቅም። ወፍራም ሹራብ፣ የውስጥ ሙቀት ልብስ፣ ካልሲ ያዝ። ሽርጥም ያዝ፤ ካቢን ውስጥ እንደሱ የሚመች የለም። የሻወር ነጠላ ጫማ፣ ትንሽ ባትሪ፣ የሶኬት መቀየሪያ፣ ኪስ የሚገባ ደብተር፣ ፊልም የተጫነበት ሃርድ ዲስክ። በሐኪም የታዘዘልህ መድኃኒት ካለ ከነማዘዣው፣ ለሙሉ ውል የሚበቃ።

ምግብ ላይ ልክ ይኑርህ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ በደንብ የታሸገ ሆኖ ጥቂት። ሥጋና ቅቤ ግን ተው፤ ቋንጣህን ብዙ አገሮች ጉምሩክ ላይ ይጥሉታል፣ ደብቀህ ከተገኘህም ትቀጣለህ። በሶ በተለይ ሆድ ሲታወክ ያድናል። የሐረር ቡና ተቆልቶ የተፈጨ ያዝ፤ ለመርከቡ ምግብ አብሳይ ስትሰጠው ወዳጅ ታፈራለህ። የምትጾም ከሆነ ወይም ሐላል ብቻ የምትበላ ከሆነ ለምግብ አብሳዩ በመጀመሪያው ቀን በትሕትና ንገረው እንጂ ተርበህ አትቆይ።

ዕጣን? ካቢን ውስጥ ፈጽሞ። ጭስ ጠቋሚው ይጮኻል፣ መርከቡ በሙሉ ከእንቅልፉ ይነሳል፣ አንተም በዚያ ስም ትታወቃለህ። የኤሌክትሪክ ምድጃም እንደዚሁ ክልክል ነው።

6. መንገድና የመጀመሪያዎቹ ቀናት

መርከቡ ጅቡቲ ከሆነ ድሬ ላይ መሆንህ ይጠቅምሃል፤ በባቡርም በመኪናም ቅርብ ነው። ሌላ ወደብ ከሆነ በአዲስ አበባ በኩል ትበራለህ። መርከቡን፣ ወደቡንና የወደብ ወኪሉን የሚገልጸው የኩባንያው ደብዳቤ ታትሞ በእጅህ ይኑር። የወኪሉን ስልክ ወረቀት ላይም ጻፈው፤ ባትሪ ያልቃል። መርከብ ሰዓት አያከብርም። ሆቴል ውስጥ ቀናት ልትጠብቅ ትችላለህና ጥቂት ዶላር ይኑርህ።

መሰላሉን ስትወጣ ሁለት እጅህም ነፃ ይሁን። ቦርሳው በገመድ ይወጣልሃል። ከዚያ ሳትተኛ፣ የፈለገውን ያህል ቢደክምህ፣ እነዚህን አድርግ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የአደጋ ጊዜ ዝርዝር ፈልገህ ስምህን ወይም ቁጥርህን አግኝ፤ የትኛው የነፍስ አድን ጀልባ ላይ እንደተመደብክና ሥራህ ምን እንደሆነ ያሳያል። ላይፍ ጃኬትህን ካቢን ውስጥ ፈልገህ ልበሰው። ከካቢንህ እስከ መሰብሰቢያው ድረስ በእግርህ ሂድና በሮቹን ቁጠር፤ መብራት ሲጠፋ በእጅህ ዳብሰህ ትወጣለህ። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጩኸት ከሰማህ የጠቅላላ አደጋ ምልክት ነው።

አንድ ነገር በደንብ ያዝ። ታንክ፣ የተዘጋ የጭነት ክፍል፣ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ቀዳዳ ውስጥ አየሩ ተለክቶ ፈቃድ ሳይሰጥህ አትግባ። ዝገት ብቻውን ኦክስጅን ይበላል፤ ሽታም የለው፣ ምልክትም የለው። ጓደኛህ ውስጥ ወድቆ ብታየው እንኳ ዘለህ አትግባ፤ ጩህና ሰው ጥራ። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሁለተኛው ሰው ለማዳን ዘሎ የገባው ነው።

ሰዓቱም ይለወጥብሃል። የመርከብ ፈረቃ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከ12 እስከ 4 ያለው ተራ ማለት በእኛ ከ6 እስከ 10 ነው፤ ከ4 እስከ 8 ማለት በእኛ ከ10 እስከ 2። "በአራት ና" ብለውህ በእኛ አራት ብትሄድ 6 ሰዓት ዘግይተሃል። የእጅ ሰዓትህን ከቤት ሳትወጣ በፈረንጅ አድርገው፣ አንድ ሳምንት በዚያ ኑር።

ባሕሩ ሲያምስህ አትፈር፤ የቆዩትንም ያምሳቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ይለቃል። ደረቅ ዳቦ፣ ዝንጅብል፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ፣ ባዶ ሆድ አለመሆን። ዴክ ላይ ወጥተህ አድማሱን ማየትም ይረዳል። የማቅለሽለሽ እንክብል ከወሰድክ ለአለቃህ ንገር፤ ብዙዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ።

ከሁሉም በላይ "እሺ"ን ተጠንቀቅ። እኛ ሳይገባን እሺ እንላለን፤ ይሉኝታ ነው፣ ታላቅን ማክበር ነው። ቺፉ (አለቃህ) ፊሊፒናዊ ወይም ዩክሬናዊ ሆኖ በራሱ ቅላጼ እንግሊዝኛ "ያንን ቫልቭ ዝጋ" ሲልህ የትኛውን እንደሆነ ሳታውቅ እሺ ካልክ፣ ነዳጅ ባሕር ላይ ሊፈስ ይችላል። ትእዛዙን መልሰህ በል፦ "ቁጥር ሦስቱን ቫልቭ ልዘጋ ነው፣ አይደል?" አያናድዳቸውም። እንዲያውም የሚወዱት ነው፤ እነሱ እርስ በርሳቸው የሚሠሩት እንደዚያው ነው።

የሥልጠና መዝገብህን ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረህ ሙላ። የመኮንን ብቃት ማረጋገጫ ለማግኘት የባሕር አገልግሎትህ ይቆጠራል፤ ለኢንጂን ሰው ከሚጠየቀው 12 ወር ውስጥ ቢያንስ 6ቱ ኢንጂን ሩም ውስጥ መሆን አለበት። መዝገቡ ካልተፈረመ የሠራኸው አይቆጠርም። መኮንኖች ባልታሰበ ወደብ ላይ ወርደው በሌላ ይተካሉ፤ አዲሱ ሰው ደግሞ ላላየው ሥራ አይፈርምም። ስለዚህ በየሳምንቱ እሑድ መዝገቡን ይዘህ ሂድና አስፈርም።